ለምርመራ የሄድኩባቸው ሐሙሶች

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሽማግሌዎች ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢያችን ወንድም ከበበ ጸሎቱን እንደ ጨረሰ ስልኩን አወጣና «ወንድም ተክሌ፣ ይህን የማሳይህ በፍቅር ነው» አለኝ። ከበበ «በፍቅር» ሲል ሰው ወንበሩን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት።

ቪዲዮ ነው። ልጄ ጵርስቅላ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ዳገቱ ላይ ባለ አንድ ጃዝ ቤት ድራም ትመታለች። ከፊቷ የቢራ ጠርሙስ የሞላበት ጠረጴዛ አለ። ለማረጋገጥ ብለን አራት ጊዜ አየነው። በሦስተኛው ላይ ወንድም ወልደገብርኤል በእግሩ ምት ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። እሱን የሚያሳይ ቪዲዮ ግን የለም።

የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ ግልጽ ነው። የአምልኮ ቡድን አባል የሆነ ሰው መጠጥ ቤት ውስጥ ከተጫወተ ከኅብረት ይታገዳል፤ እገዳውም እሁድ ምእመናን ፊት ይነበባል። በቪዲዮ ብቻ ግን አይፈረድም፤ አንድ ሽማግሌ ሄዶ በዓይኑ ማየት አለበት። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም የጫማውን ክር መመርመር ጀመረ። መጠጥ ቤት ሲገባ የታየ ሽማግሌ ነገ ምን ይባላል? በመጨረሻ ከበበ መላ አገኘ። «ወንድም ተክሌ ይሂድ። ቢታይም ልጁን ሊመልስ መጣ ይባላል።»

በሙሉ ድምፅ አለፈ። እኔም እጄን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አልገባኝም፤ ሃያ ዓመት አብሮ መውጣት የለመደ እጅ ነው።

ለባለቤቴ ለአሳየች ስነግራት ሽንኩርቱን ከሚገባው በላይ አደቀቀችው።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

የቤተ ክርስቲያናችን ድራም መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮተቤ መንገድ ላይ የመስታወትና የአሉሚኒየም ሱቅ ያለው ሽማግሌ እያለ ማን ሊሠራው ነው? ጵርስቅላ ድራሙን በያዘች በዓመቱ አንዳንድ ምእመናን «ልባችንን መታን» ብለው አመለከቱ። እኔም ወፍራሙን፣ ጥሩውን መስታወት መርጬ በነፃ ሠራሁ። ስጨርስ «በይ፣ አሁን እንደ ልብሽ ምቺ» አልኳት። ገብታ ተቀመጠችና ከመስታወቱ ወዲያ ሆና አንድ ነገር ተናገረች። አልተሰማኝም። ሥራዬ ጥራት ያለው ነው።

ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የከበበ የእህት ልጅ ማቲዎስ ነው። ለክረምቱ ማገዶ የሚፈልጥ ይመስላል። ሲያበቃ ከበበ ዞሮ «ይህን መስታወት ስላሰብክ ጌታ ይባርክህ» አለኝ።

ጵርስቅላ ከፋሲካ ወዲህ ቤት የለችም። ለሥራዋ እንዲቀርባት ብላ ፈረንሳይ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሥራዋ ኮተቤ ነው፤ ሕፃናት ታስተምራለች። ስደውልላት አታነሣም፤ ኔትወርክ ይሆናል። ለእናቷ ግን በየቀኑ ይሠራል።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ተመልሼ ገባሁ። ጫማዬ ገና እርጥብ ነው። ሳይረሳኝ ልጻፈው፤ ሪፖርት የሚጠብቅ ሰው አለ።

ያደረሰኝ ነጅመዲን ነው፤ በቪትዙ ሰው የሚያመላልሰው የግድግዳ ጎረቤታችን። የምሄድበትን ስነግረው «ልጅዎን ሊያዩ ነው?» አለኝ።

«ለምርመራ ነው» አልኩት።

«እሺ ጋሽ ተክሌ፣ ለምርመራ» አለና እስከ መገናኛ ድረስ ሳቁን ዋጠው። ከፈረንሳይ በላይ ኮብልስቶኑ ወንዝ ሆኗል። ባሕር ዛፉ መሃል ስንደርስ መኪናዋ አቃሰተች። «እኔ አልገባም፣ መጠጥ አለበት» አለኝ። «እኔስ መግባት ያማረኝ ይመስልሃል?» አልኩት። 

ቤቱ «ዳገት» ይባላል። የድሮ ቪላ ሳሎን ነው፤ ከሱቄ ብዙም አይሰፋም። እኔ ሱቄ ውስጥ አምስት ሰው ከገባ አንዱን ውጭ ጠብቅ እላለሁ። እዚህ ሰው በሰው ላይ ነው። ባዶ ወንበር የተገኘው ዓምድ ኋላ ብቻ ነበር፤ ለመርማሪ የተመቸ ነው። ከፊቴ ትከሻው በር የሚያህል ወጣት፣ ከኋላዬ የሁለት ልጃገረዶች ጉልበት ወገቤ ላይ፣ ግራና ቀኝ የማላውቀው ሰው ክንድ። «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» ይላሉ፤ ወዴት እንደምጠጋ የሚነግረኝ ግን የለም። ከበበ ስለ ርኩሰት አደራ ብሎኝ ነበርና ዙሪያዬን አየሁ። ርኩሰት የሚሠራበት ቦታ አላየሁም፤ እጅ ማንሻም የለም።

አምቦ ውሃ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ሎሚ ጨምራ አመጣችልኝ። ያልጠየቅሁት ሎሚ ነው፤ ለሪፖርቱ ይያዝ።

ሳክስፎኑ ሲጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። የአንድ ልጅ ስልክ ጮኸና ሁሉም ዞሮ አየው፤ በኀፍረት ኮቱ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። እኛ ጋ ስብከት መሃል ስልኩን አንሥቶ «ስብከት ላይ ነኝ፣ ምን ነበር?» የሚል ሰው አለ። ሽማግሌ ነው።

ከዚያ ጵርስቅላን አየኋት። እናቷ የሠራችላትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። ከስታለች። መስታወት የለም፤ በእሷና በመጀመሪያው ጠረጴዛ መካከል አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ለዚህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የምላት አንድ ቃል ነው፦ ቀንሺ። የእናቷን ድስት ገልብጣ ስትደበድብ፣ ቀንሺ። ፈተና ስታጠና ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ሲሮጥ፣ ቀንሺ። እናም ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ልታወርድበት ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። እሷ ግን የሽቦ መጥረጊያ የመሰለ ነገር አንሥታ ድራሙን ትዳብሰው ጀመር። ትዳብሰው ነው የምለው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ በለጣት። ያ ሁሉ ሰው እሷን ለመስማት ትንፋሹን ይዟል። እኔም አንገቴን አሰገግኩ። ለምርመራው ማለቴ ነው።

ሌላ ያየሁት፦ ከጀርባዋ ያለው መስኮት አንዱ መስታወት የለውም። በካርቶን ደፍነውታል። ካርቶኑ ርሶ ውሃ ሹራቧ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሰው እንዴት በክረምት መስኮቱን በካርቶን ይደፍናል?

ሳታየኝ ወጣሁ። ነጅመዲን «እህ፣ ምን አዩ?» አለኝ። «ሰው በዝቶ በደንብ አልታየኝም» አልኩት።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ለሽማግሌዎቹ ሪፖርት አቀረብኩ። ዓምድ እንደከለለኝ፣ ማስረጃው ገና እንዳልተሟላ ተናገርኩ። ውሸት አይደለም፤ ዓምዱ አለ። ከበበ «ደግመህ ሂድ፣ ሸክምህን እንረዳለን» አለኝ። የሚረዱት ሸክም ሐሙስ ሐሙስ ዝናብ ይመታዋል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ዓምድ። አምቦ ውሃ። ሎሚ። ካርቶኑ ተነሥቶ ፌስታል ተተክቷል። ፌስታል! ደክሞኛል፣ ነገ ሱቅ አለ። ማስረጃው አልተሟላም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዛሬ ነጅመዲን መኪናው ውስጥ አልነበረም። ስወጣ «ዳገት» በር ላይ፣ ከዘበኛው ጎን፣ ዝናቡ ግማሽ ትከሻውን እየመታው ቆሞ አገኘሁት።

«አልገባም ብለህ አልነበር?» አልኩት።

«አልገባሁም። በሩ ላይ ነኝ።»

«ግማሽህ ውስጥ ነው።»

«ግማሹን ቤት ስደርስ እጠይቀዋለሁ» አለና ሞተሩን አስነሣ። ቁልቁል ስንወርድ ድንገት «ጋሽ ተክሌ፣ ልጅዎ እኮ አትቸኩልም» አለኝ። «ሌላው ሰው ተጫውቶ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ከዚያ ትንሽ ነገር ጣል ታደርግና እንደገና ትጠብቃለች። እኔ ሾፌር ነኝ፤ በዚህ ከተማ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም።»

እኔ ሳሳድጋት የነበረችው አትጠብቅም ነበር። ወይም እኔ ነበርኩ የማልጠብቀው። ለማንኛውም የሾፌር አስተያየት ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ነገ ሐሙስ ነው። ሳልጠይቃት አሳየች ሰማያዊ ሸሚዜን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። «ምንድነው?» አልኳት። «የምርመራ ልብስ» አለችኝ። ይህች ሴት ከእኔ የተማረችው ነገር ቢኖር ይሄ ምላሷ ብቻ ነው።

በኋላ ወጥ ቤት ሆና ስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ደህና ነው። ይበላል። አይ፣ አልነግረውም» ትላለች። ምን እንደማትነግረኝ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም።

ዓምዴ ኋላ ነበርኩ። ሳክስፎኑ አቆመ፣ ቤዝ ጊታሩ አቆመ፣ ቤቱን ለእሷ ለቀቁላት። መጥረጊያዋን አስቀመጠችና በጣቷ መምታት ጀመረች። ባዶ ጣቷን። ለማትሪክ ስታጠና የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ትመታው የነበረውን ራሱን ነው፤ እኔ ከሌላው ክፍል «ቀንሺ!» እያልኩ መጨረሻውን ሰምቼው የማላውቀውን። ያን ጊዜ ያቋረጥኳት ቦታ ላይ ደረሰች። አለፈችው። በትሯን አነሣች፣ እየጨመረች ሄደች፣ የጠረጴዛው ብርጭቆ ሁሉ እርስ በርሱ እስኪጋጭ፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ።

ጸጥታ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሰው ገና ትንፋሽ እየፈለገ ነበር። እኛ ዘንድ ጸሎት እንዲህ ከፍ ብሎ ሲቆም የሚባለው የታወቀ ነው። እኔም አልኩት።

«አሜን!»

በቀስታ ብዬው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ከፊት ወንበር አሜን ያለ ጉሮሮ ግን ቀስ ማለት አያውቅም። ቤቱ ሙሉ ወደ ዓምዱ ዞረ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ከጥግ አንድ ልጅ «አሜን!» ሲል ቤቱ ሁሉ ተቀበለው፤ ጭብጨባው ከዚያ በኋላ መጣ። «አባባ፣ ሪስፔክት!» ይለኛል ትከሻ ሰፊው ወጣት።

ጵርስቅላ ቀና አለች። ዓምዱ ሊከልለኝ አልቻለም፤ ለካ ቆሜያለሁ። መቼ እንደቆምኩ አላስታውስም። አየችኝ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።  እኔም የሰው እግር እየረገጥኩ ወጣሁ። ጃንጥላዬን ረስቻለሁ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

አሳየች ቁርስ ስታቀርብ፣ ስለ ሽሮ ዋጋ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ልጅህ መልእክት ልካለች» አለችኝ።

«ምን አለች?»

«‹ለስለላ ከሆነ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ዓምድ ኋላ ሆኖ አንገቱ ይታመማል› ነው ያለችው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

እውነት ለመናገር አንገቴ ታሟል።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሄድኩ። አልገባሁም። ከበሩ ላይ አየሁት፤ ከድራሙ ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ አንድ ባዶ ወንበር ተቀምጧል። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ እያለ ወንበሩን የሚነካው የለም። መደገፊያው ላይ ጃንጥላዬ ተሰቅሏል።

ፈራሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥና መጥታ ምን ልትሠራ መጣህ ብትለኝ ምን እላታለሁ? ሪፖርት ልጽፍብሽ? እሁድ ስምሽን ሊያነቡት ነውና በዓይኔ ላረጋግጥ?

መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ነጅመዲን ደግሞ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው መኪና ጠባቂ፣ ሾፌሩ ጃዝ አድማጭ ሆነን አመሸን። አንዱ ተጫውቶ ባበቃ ቁጥር ከቤቱ ውስጥ «አሜን!» የሚል ይሰማኛል። አስለምጃቸዋለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሃያ ዓመት ያላገኘሁትን ምላሽ በመጠጥ ቤት በአንድ ቀን አገኘሁት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ከበበ ስልኩን አወጣ። ይህ ሰው ስልክ ባይኖረው ምን ይሠራ ነበር?

በዚህኛው ቪዲዮ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የተከፈተ አፍ፣ አሜን። ከሥሩ ሳቅና ልብ የለጠፈው ሰው ብዛት የእሁድ ጉባኤያችንን ያስንቃል። አራት ጊዜ አላየነውም፤ አንድ ጊዜ በቃ። ወልደገብርኤልም እግሩን አላንቀሳቀሰም።

«ወንድም ተክሌ፣ በፍቅር ነው» አለ ከበበ። ከዚያ መንገዱን አሳየኝ። ጳጉሜን አንድ በሚደረገው ስብሰባ ልጄ መጠጥ ቤት ስትጫወት በዓይኔ ማየቴን እመሰክራለሁ። በማግስቱ እሁድ እገዳዋን የማነበው እኔ ራሴ ነኝ። አባቷ ካነበበው ወጣቱ ትምህርት ያገኝበታል። ይህን ካደረግኩ የእኔ አሜን መንፈሱን ስገሥጽ እንደ ወጣ ቃል ይያዝልኛል። ካላደረግኩ ግን ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው።

«አስብበት» አለኝ። እያሰብኩበት ነው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየሙን የሚያስጨርስ አንድ ወንድም መስኮቱን ለሌላ ሱቅ ሰጠ። «ለጊዜው ነው ወንድም ተክሌ» አለኝ። መስኮት ለጊዜው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ማታ ለአሳየች ከበበ ያለኝን ነገርኳት። «ባነበውስ?» አልኳት። «ከቤት የሄደችው እሷ ናት። ስልክ የማታነሣው እሷ ናት።»

እጇን በመሐረብ ጠረገችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ተክሌ፣ ‹ሄደች› አትበል። የፋሲካ ሰሞን ውጭም ልምታ ስትልህ ‹ወይ ድራሙ፣ ወይ ቤቴ› ያልካት አንተ ነህ። እሷ መረጠች። አሁን ያን ወረቀት ምእመናን ፊት ብታነበው ከእንግዲህ የምታስመርጣት ልጅ የለህም።»

እንደዚያ ያልኩ አይመስለኝም። ብልም በፍቅር ነው።

ይህን ቃል በራሴ እጅ ጽፌ አነበብኩት። የማን ቃል እንደሆነ ገባኝ።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። ነጅመዲን ብቻውን ሄደ። ለምን ብለው «ደንበኛ አለኝ» አለኝ። ሲመለስ በአጥር በኩል «ወንበሩ አለ» ብሎ ጮኾ ገባ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ወንበሩ አለ ብሏል። ፌስታሉ ግን ተቀዷል። እንዳመማትም ነገረኝ፤ ስትመታ ታስላለች።

እንቅልፍ የለኝም። የእገዳውን ጽሑፍ ከበበ ልኮልኛል፤ እንድለማመደው። ባማረ ቋንቋ ነው የጻፈው። «እህታችን» ይላታል። አንድ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ላነበው ሞከርኩ፤ «እህታችን ጵርስቅላ» ላይ ደረስኩና ወረቀቱን አጠፍኩት። መብራቱ ደክሞ ይሆናል።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ሁሉም በጊዜ መጡ። እንዲህ በጊዜ የምንገኘው ሰው ሲታገድ ነው።

ከበበ ጀመረ። «ወንድም ተክሌ፣ ቤቱ መጠጥ ይሸጣል?»

«ይሸጣል።»

«ሰዎች ይጠጣሉ?»

«የሚሸጥላቸው ለዚያ ነው።»

«ልጅህ ትጠጣለች?»

«አላየሁም። ሁለት እጇም ሥራ ላይ ነው።»

«እንግዲህ ስትጫወት በዓይንህ አይተሃል።»

«አይቻለሁ። ሰምቻታለሁም።» እዚህ ላይ ማቆም ይበቃ ነበር። አላቆምኩም። «በቀስታ መምታት ትችላለች፤ ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ሃያ አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረን ቀንሺ ስላት፣ ገና ስትጀምር አቋርጬያት ነው እንጂ ሰምቻት አላውቅም። እዚያ ቤት መስታወት የለም። ልባችንን መታን ያለ ሰውም የለም።»

ከበበ ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንድም ተክሌ፣ ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ ልናሰፍረው አንችልም። አንተን ለመርዳት ነው። አሜን ያልከው በተቃውሞ ነበር፣ አይደል?»

መሄጃው ክፍት ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው፤ አንድ ቃል። ሁሉም አዎ እንድል ተመኝተውልኛል፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም።

«አይደለም» አልኩ። «ደስ ብሎኝ ነው። ወረቀቱን ሌላ ሰው ያንብበው።»

ድምፅ ተሰጠ። ወልደገብርኤል እጁን ሲያወጣ ወደ ጣሪያው እያየ ነበር። ልማድ ሆኖ የእኔም እጅ ትንሽ ተነሥታ ነበር፤ በሌላው ያዝኳት።

ጳጉሜን 2፣ እሁድ

ከበበ አነበበው። «ጵርስቅላ ተክሌ። ተክሌ ጉደታ።» በአንድ ማስታወቂያ ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ። አንገቴን እደፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ከልጄ ጋር አብሬ ስጠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሳየች ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። በመካከለኛው መተላለፊያ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የእኔን ስም ረሱት?» አለችኝ፤ በሹክሹክታም አይደለም።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ማቲዎስ ሱቅ መጣ። «ጋሽ ተክሌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። የፊቱን መስታወት ቢያነሡልኝ» ይለኛል። አጎቱን ጠይቆ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እሱም ይነሣ ብሏል፤ ተሰነጠቀ እንዳይባል ግን እርስዎ ይንቀሉት» አለኝ። የታገደ ሰው ባይጸልይም ብሎን መፍታት ይችላል ማለት ነው።

ሄጄ ነቀልኩት። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ዱቤ በሩን ከፈተልኝ። ዱቤ እንደሌሎቹ ፊቱን አላዞረብኝም።

«ለጥገና ነው፣ ጋሽ ተክሌ?»

«አዎ ዱቤ፣ ለጥገና ነው።»

ሱቅ ወስጄ መቁረጫ አልማዜን አወጣሁ። የዚያን መስኮት ልክ ከሐምሌ ጀምሮ በዓይኔ ለክቼዋለሁ።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

አዲስ ዓመት ነው፤ እንኳን አደረሰኝ። ዛሬ የምመረምረው ነገር የለም። ማንም አልላከኝም።

በጊዜ ወጣን። አሳየች ከኋላ፣ መስታወቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ። ነጅመዲን እንደ ዕንቁላል ነው የነዳን። ከፈረንሳይ በላይ መንገዱ ተዘጋ፤ ከእንጦጦ ራጉኤል ክብረ በዓል የሚመለሰው ሕዝብ ነጭ በነጭ ሆኖ እየወረደ ነው። አንዲት እናት በመስኮት ጎንበስ ብለው «ወዴት ናችሁ ልጆቼ? በዓሉ እኮ አለቀ» አሉን። «የእኛ ገና ነው እማማ» አላቸው ነጅመዲን።

ወንበር ላይ ቆሜ ፌስታሉን ገነጠልኩና መስታወቱን ገጠምኩት። ልክ ሆነ። የማጣበቂያውን ሲሊኮን በጣቴ ሳስተካክል ከኋላዬ የድራም እግር ሲዘረጋ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ጵርስቅላ ናት። መስታወቱን አየችው። ውፍረቱን ታውቀዋለች፤ ሦስት ዓመት ውስጡ ተቀምጣለች።

«እንኳን አደረሰሽ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና የምታጠብቀውን ብሎን ማጥበቅ ቀጠለች። አሳየች አቅፋ ሳመቻት፤ እኔ እጄ ሲሊኮን ነበረ።

ቤቱ ሞላ። እኔ ወንበሬ ላይ፣ ጃንጥላዬ መደገፊያው ላይ፣ አሳየች ተጣብቃ አጠገቤ። ነጅመዲን ዛሬ በሩን ተሻግሮ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ለበዓል ነው ብሏል። የኔን ፊት ያወቁ ልጆች አሜን እስክል ይጠብቃሉ። እኔ ግን ልክ ያልሆነ ነገር ተሰማኝ። በመጥረጊያዋ ብቻ ነው የምትመታው፤ ሳክስፎኑ ሲጨምር እንኳ አትጨምርም። ሲለቁላት ጭራሽ ቀነሰች። ሰዎቹ ተያዩ። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ፊቷ የተቀመጠውን ሰው ጆሮ እንዳትረብሽ እየቀነሰች ነው።

ሙዚቃው ለዕረፍት ሲቆም ተነሣች። በትሯን እንደያዘች መጥታ ወንበሬ አጠገብ ቆመች። ከፋሲካ ወዲህ ስንት ነገር ልላት አዘጋጅቼ ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ ማለት ይቻላል። 

«አባዬ» አለችኝ። «በዛብህ?»

«ጨምሪ» አልኳት።

አልሰማችኝም፤ ሰው ይንጫጫል። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋች።

«ጨምሪበት!»

 አፏን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች፣ ዓይኗንም። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና መጥረጊያውን መሬት ላይ ጥላ ሁለቱን በትር አነሣች።

ጨመረች። አሳየች ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። ከጵርስቅላ ጀርባ ዛሬ የገጠምኩት መስታወት በእያንዳንዱ ምት ሲንቀጠቀጥ ከወንበሬ ይታየኛል። ይሰንጠቅ። ሌላ እቆርጣለሁ።